የአክስቴ የኮርች አጥር

ከእስቴ እስከ ስማዳ፣ ከስማዳ እስከ ጋይንት በበጋ ቀይ ለብሶ የሚታይ አጥር ካያችሁ፣ ወይ እኔ ተክዬዋለሁ፣ ወይ እኔ የተከልኩትን ያየ ሰው ተክሎታል። ሦስተኛ የለም። ይህን ስናገር ሰው «ጉራህን ተወው» ይለኛል። ጉራ እኮ የሌለ ነገር ማውራት ነው፤ የኔ አጥር ግን አለ፣ ሂዱና እዩት። ስትነኩት ብቻ ተጠንቀቁ፣ እሾህ አለው።

የማወራው ስለ ኮርች ነው። ኮርችን ያገሬ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ የሚያከብረው ግን አልነበረም። ግንዱ እንደ አሮጌ ቁርበት የተሰነጣጠቀ፣ ቅርንጫፉ እሾህ በእሾህ ነው። ቢያነዱት ጭሱ ዓይን ያጠፋል እንጂ ድስት አያፈላም። ለምሰሶ ቢሉት እንጨቱ ለስላሳ ነው። በርጩማ ከመጥረብ በቀር ሥራ የለውም። አማቴ ልጃቸውን ለመጠየቅ ሽማግሌ የላክሁ ጊዜ «ያ ኮርች ነው የሚያገባት? ቁመት ብቻ!» ብለው ነበር አሉ። እኔ ያኔም አልከፋኝም። ኮርችን አያውቁትም፣ እኔንም አያውቁኝም አልኩና ተውኳቸው።

ኮርች ማለት፣ በጋው ገብቶ ሣሩ ሲቃጠል፣ ምንጩ ሲደርቅ፣ ሌላው ዛፍ ውኃ ውኃ ሲል፣ ቅጠሉን አራግፎ ራቁቱን ይቆማል። የማያውቅ ሰው ሞተ ይለዋል። ከዚያ በዚያ በራቁቱ ላይ አበባውን ያቆማል፤ ቀይ፣ ቀጥ ያለ፣ እንደ በራ ጧፍ። ውኃ አጠጡኝ አይልም፣ ተንከባከቡኝ አይልም። ለማገዶ ስለማይሆንም ማንም አይሰርቀውም። ከዚህ የበለጠ የግቢ ዛፍ ካለ አምጡልኝ፣ ሥራዬን አቆማለሁ።

ይህን ሁሉ ትምህርት ቤት አልተማርኩም። ትምህርት ቤትን የማውቀው ከአራተኛ ክፍል ወዲህ ባለው በኩል ነው። ያስተማረኝ የበቅሎ ችካል ነው። አባቴ በቅሎ የሚያስሩበት አንድ ችካል ከኮርች ቆርጠው ቸከሉ። ክረምቱ ገባ፣ ዘነበ። አንድ ቀን ብናይ በቅሎዋ የታሰረችበትን ችካል ስትበላ አገኘናት፤ ችካሉ ቅጠል አውጥቷል። ሌላው ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ግን ስስቅ አእምሮዬ ይሠራል። ተቆርጦ የተተከለ እንጨት ዛፍ ከሆነ፣ አጥር ሙሉ እንጨት ብተክልስ አልኩ። እነሆ፣ ዲፕሎማዬ ይሄው ነው።

አሁን ወደ አክስቴ ልሂድ። አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ ከመኪናው መንገድ ዳር፣ ከባላቸው ጋር ድንጋይ ተሸክመው በሠሩት ቤት ይኖራሉ። ባላቸው ካለፉ ቆይተዋል። ዓይናቸውም ደክሟል፤ ሰውን ከሩቅ በድምፁ፣ ከቅርብ በነጠላው ጥለት ነው የሚለዩት። ቢሆንም ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ብቻቸውን ይሄዳሉ። ከበራፋቸው እስከ ደጀ ሰላሙ ያለውን መንገድ እግራቸው ያውቀዋል። የቱ ድንጋይ እንደሚነቃነቅ፣ የቱ ጋ ቦይ እንዳለ ይነግሯችኋል። «እጄን ይዞ የሚመራኝ ሰው የመጣ ዕለት፣ አረጀች በሉኝ» ይሉ ነበር። ያኔ ሰባውን አልፈዋል።

መንገዱ ሲሰፋ አጥራቸው ፈረሰ። ድሮም አጥር አትሉት፣ የድንጋይ ካብ ነው፣ ከላዩ ደረቅ እሾህ የተጣለበት። ብዙም ሳይቆይ ኮሚቴ መጣ። ከተማውን እናስውብ ተብሎ የተቋቋመ ኮሚቴ ነው። መሪው ፋይል የያዘ፣ ጫማው የሚያበራ ወጣት ነበር።

«እማማ፣ መንገድ ዳር ያለ ግቢ ሁሉ በወግ መታጠር አለበት» አላቸው። «ደረቅ እሾህ አይቻልም። እስከ ጥቅምት ጊዜ አለዎት። አልችልም ያለ ሰው ከኋላ፣ ዳገቱ ላይ ምትክ ቦታ ይሰጠዋል።»

«ዳገቱ ላይ?» አሉ አክስቴ። «ከዚያ እስከ ቤተ ክርስቲያን ማን ያደርሰኛል? አንተ?»

ልጁ አቀርቅሮ ፋይሉን ማገላበጥ ጀመረ። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ የተነገረውን መናገሩ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ቆርቆሮ ገጠገጠ። አክስቴ ቆርቆሮ ከየት ያመጣሉ? ሲነግሩኝ ድምፃቸው እንደ ሌላ ጊዜ አልነበረም፣ ቀጠነብኝ። የእኚያን ሴትዮ ድምፅ ቀጥኖ ሰምቼ አላውቅም።

«አይዞዎት አክስቴ» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። «እኔ እያለሁ ከዚህ ቤት የሚያስነሳዎት የለም። ቆርቆሮ የሚያስንቅ አጥር አጥርልዎታለሁ።»

«በምን?»

«በኮርች።»

«አንተ ስትወለድ እኔ ነበርኩ» አሉኝ። «ከእግርህም ከራስህም በፊት አፍህ ነው የወጣው።»

«ታዲያ አፌ መቼ አሳፍሮዎት ያውቃል?»

«አሁን ቆጥሬ አልጨርሰውም። ለማንኛውም ትከል። ሌላ ማን አለኝ?»

እኔ በሰው ፊት ስቀልድ ነው የምታውቁኝ፤ ያን ዕለት ግን ወደ ቤቴ ስሄድ መንገድ ላይ ለማንም ሰው ቀልድ አላወራሁም። ሰዉ አሞኛል ብሎ ነበር አሉ።

በሚያዝያ ወደ ስማዳ በኩል ቆላ ወረድኩ። አንድ ገበሬ የማሳው ድንበር ላይ ያሉት ኮርቾች ጤፉ ላይ ጥላ እየጣሉ አስቸግረውት ነበርና፣ ቅርንጫፋቸውን ብትመለምልልኝ ምርቃት ነው አለኝ። እጁን ወደ ላይ የዘረጋ ሰው የሚያክሉ ሰማንያ ችካሎች ቆረጥኩ። ውፍረታቸውን አመሳስዬ መረጥኩ፤ ከላይም ከታችም እኩል፣ አንዱ ከሌላው የማይለይ። በዚህ በጣም ኮርቼ ነበር። በአህዮች ጭኜ ሳመጣ እሾሁ እንዳይወጋቸው ጀርባቸው ላይ ጆንያ ደራርቤያለሁ። ከዚያ አምስት ቀን ጥላ ሥር አጋደምኳቸው። ኮርች እንደ ተቆረጠ አይተከልም፣ ቁስሉ ሳይደርቅ አፈር ከነካው ይበሰብሳል። ይህን ማን ነገረኝ? ማንም። ሁለት ዓመት ጓሮዬ ላይ ሞክሬ፣ አበስብሼ አበስብሼ ነው የደረስኩበት።

በግንቦት ደቦ ጠራሁ። አክስቴ ጠላ ጠመቁ። ሰዉ ወጣ፤ አክስቴን የማይወድ የለም። ከሁሉ በላይ ደስ ያለኝ፣ በከተማው በአጥር ሥራ የታወቁት ሽማግሌ መምጣታቸው ነው። እሳቸው ያጠሩት አጥር ሃያ ዓመት ይቆማል ይባላል፤ እውነትም ነው። ዶማቸውን ተደግፈው የኔን ችካሎች አዩና ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ይሄ እንጨት የተለየ አተካከል አለው?»

እኔ በዚያ ሰዓት ሰው ከብቤ ስለ አማቴ እያወራሁ ነበር። ወሬው ሊያስቅ ደርሷል፣ ካቋረጥኩት ይበላሻል። «ኧረ አባቴ!» አልኩ ጮክ ብዬ። «እርስዎን አጥር ላስተምር? ዶሮ ለድመት መሮጥ ታስተምራለች? አጥር አጥር ነው፣ ይቅበሩት ብቻ!»

ሰዉ ሳቀ፣ ሽማግሌውም ሳቁ። ጓደኞቻቸውን ይዘው በመንገዱ በኩል ያለውን ያዙ። እኔ በጓሮው በኩል ያለውን ያዝኩ። ሲመሽ አጥሩ ቆሞ ነበር፤ ቀጥ ያለ፣ በገመድ የተለካ። በተለይ የሽማግሌው ጎን እንደ ዳዊት መስመር ነው የተስተካከለው። ያን ቀን የጠጣሁት ጠላ ነው ወይስ የሰማሁት ምስጋና ያሰከረኝ፣ እስካሁን አልለየሁትም።

ሰኔ ገባ። ዘነበ። በሳምንቱ የኔ ጎን ማቆጥቆጥ ጀመረ፤ ቅጠሉ እየተገፋ ወጣ። የመንገዱ ጎን ምንም የለም። ሌላ ሳምንት፣ ምንም። የኔ ጎን ጠጉሩ ሲንጨባረር፣ ያኛው እንደ መነኩሴ ራስ ተላጭቶ ቀረ። ኮሚቴው ደግሞ የሚያየው መንገዱን ነው፣ ጓሮ ገብቶ አያይም።

አክስቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ችካሎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው መዳሰስ ጀመሩ። ዓይናቸው ባያይም ጣታቸው ያያል።

«የመንገዱ ዳር ምንም አላወጣም» አሉኝ።

«ፀሐይ በዝቶበት ይሆናል።»

«በሰኔ?»

«እህ... ብርድም ሊሆን ይችላል።»

«ወይ ፀሐይ በለው ወይ ብርድ በለው፣ ሁለቱን አታድርገው» አሉና ገቡ። ትንሽ ቆይተው በበሩ አንገታቸውን አውጥተው «ዳገቱ ላይ ቤት ከተሰጠኝ፣ በር ከየት በኩል እንደሚሆን ጠይቅልኝ» አሉ። አልቀለዱም። «ከዚህ ቤት የሚያስነሳዎት የለም» ያላቸው ማን ነበር? እኔ!

በሐምሌ አንድ ጠዋት ካፊያ እየዘነበብኝ አጥሩ ሥር ቆሜ አያለሁ። የኔን ጎን አየሁ፤ እሾሁ ጫፉን ወደ መሬት ያዘነበለ ነው፣ ዝናቡ ይንሸራተትና ይወርዳል። የመንገዱን ጎን አየሁ፤ እያንዳንዱ እሾህ ጫፉን ወደ ሰማይ አድርጎ ጠብታ ይዟል። ዞሬ የኔን አየሁ። ዞሬ የሳቸውን አየሁ። ከዚያ ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኛ አገር ደህና አጥር አጣሪ የአጥር እንጨት ሲተክል ገልብጦ ነው የሚተክል። ጫፉ ወደ መሬት፣ ሥሩ የነበረው ወደ ሰማይ። እንዲህ ከተተከለ ቶሎ አይበሰብስም፣ አቆጥቁጦም አጥሩን አያጣምም ይላሉ። ገልብጦ መትከል የሙያ ምልክት ነው፤ ቀጥ አድርጎ የሚተክል ጀማሪ ነው። ሽማግሌው እንግዲህ ሙያቸውን ሳይሰስቱ ነው የሠሩልኝ፤ እንዳያቆጠቁጥ አድርገው! እኔ የምፈልገው ደግሞ ማቆጥቆጡን ነው። ጠይቀውኛል፣ እኔ ቀልጄ መለስኳቸው። ችካሉንም እኔ ራሴ ላዩና ታቹ እንዳይለይ አድርጌ መርጬ ሰጠኋቸው። በኮራሁበት ነገር ነው የተያዝኩት።

ዶማ አምጥቼ የመጀመሪያውን መንቀል ጀመርኩ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ሽማግሌው በመንገድ ሲያልፉ አዩኝ። ቆሙ።

«ምነው ልጄ፣ የተከልነውን ትነቅለዋለህ?»

«ኧረ ሥሩን ልየው ብዬ ነው፣ አባቴ።»

«ሥር መች አወጣና?» ጠጋ ብለው የነቀልኩትን አነሱ። እሾሁን በአውራ ጣታቸው ወደ ላይ ወደ ታች አሻሹት። የጓሮውን ጎን አዩ። የመንገዱን ጎን አዩ። ፊታቸው ተለወጠ። «ገልብጬዋለሁ?»

«እርስዎ አይደሉም።»

«በዚህ እጄ አይደለም የተከልኩት?»

«በእጅዎ ነው፣ ግን በኔ አፍ ነው። ጠየቁኝ፣ አልነገርኩዎትም።»

«ያቺ ሴትዮ በኔ ሥራ ከቤቷ ልትወጣ?» አሉ። ከዚያ ጋቢያቸውን አውልቀው ድንጋይ ላይ አስቀመጡና በዚያ ካፊያ ዶማዬን ከእጄ ቀሙኝ።

በመንገዱ ጎን ያሉትን አርባ አንድ ችካሎች ነቀልናቸው። ዘጠኙ በስብሰዋል። የቀሩት ቆዳቸው ሲፋቅ ውስጡ አረንጓዴ ነው፤ ኮርች እኮ በቀላሉ አይሞትም፣ ተዘቅዝቆም ሁለት ወር ይኖራል። የበሰበሰውን ጫፍ ቆርጠን፣ ሁለት ቀን ጎተራ ሥር አድርቀን፣ አዙረን ተከልናቸው። በጎደለው ቦታ ከጓሮዬ አምጥቼ ሞላሁ። ሽማግሌው እያንዳንዱን ከመቅበራቸው በፊት እሾሁን እየዳሰሱ «ይሄ ወደ ታች ነው?» ይሉኛል። «ወደ ታች ነው» እላለሁ። እንደ ቅዳሴ ተሰጥዎ ነበር።

ግን ክረምቱ ተጋምሷል። የጓሮው ጎን በሙሉ ክረምት ያደረገውን የመንገዱ ጎን ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ሊያደርግ ነው። ቁስለኛ እንጨት። እኔ በየቀኑ ለአክስቴ «ደርሷል» እላለሁ፤ እሳቸው በየቀኑ ይዳስሳሉ።

ጥቅምት ደረሰ፣ ኮሚቴው መጣ። ባለፋይሉ ልጅ፣ ከሱ ጋር ሁለት ሰዎች። መንገዱ ላይ ቆመው አዩ። ከሩቅ ሲታይ እውነቱን ለመናገር አያምርም ነበር፤ የጓሮው ሦስት ክንድ ቅጠል ይዞ፣ የመንገዱ ዱላ ተሰክቶ የተረሳ ይመስላል።

«ይሄ የደረቀ እንጨት ነው» አለ ልጁ። «ማነው የሠራው?»

ሽማግሌው ከጎኔ ነበሩ። ወደፊት አንድ እርምጃ ሲሄዱ አየሁ፣ አፋቸውን ሲከፍቱ አየሁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አጥራቸው ተሰድቦ የማያውቅ ሰው በመንገድ ላይ፣ በልጅ ፊት ሊዋረዱ ነው። ሰዉ ተሰብስቧል። እኔም ደግሞ ስሜ አለ፤ አትርሱ፣ ያኔ የአንድ ትምህርት ቤት ግቢ እንድሠራ ሊጠሩኝ ነበር። ቢሆንም ቀደምኳቸው።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ገልብጬ ተክዬው ነበር። ስህተቱ የኔ ነው። እኚህ አባት ናቸው ያቃኑልኝ።»

እኔ ተሳሳትኩ ስል የሰማ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። አንዱ ከኋላ «ምን አለ?» ሲል ሰማሁት። አንዱ «ድገመው በሉት!» አለ።

ልጁ ግን ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «ጋሼ፣ ይገባኛል። ግን የተባለው አጥር ነው። ይበቅላል ተብሎ አይመዘገብም። ሞቶ ከሆነስ?»

በዚህ ጊዜ አክስቴ ከበር ወጡ። ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው ለብሰዋል። ቀጥ ብለው ወደ ድምፁ መጡና የልጁን እጅ ያዙት። እሳቸው እኮ ናቸው የሚመሩት፣ እሱ አይደለም።

«ና ልጄ» አሉት። «ሞተ አልሞተ በዓይን አይታይም። ና ልቁጠርልህ።»

ከመጀመሪያው ችካል ጀመሩ። ጣታቸውን በእሾሁ መሃል አሳልፈው ሳይወጋቸው ቡቃያው ላይ አስቀመጡና የልጁን ጣት አስነኩት። «ይሄ ሁለት አውጥቷል። አንዱ ወደ ቤቴ፣ አንዱ ወደ አንተ።» ቀጠሉ። «ይሄ አንድ ነው፣ ሰነፍ ነው፣ ግን ትናንት አብጧል። ይሄ ሦስት። ይሄኛው እስከ ሰኞ ሞቷል ብዬው ነበር፣ ማክሰኞ አሳፈረኝ።» ልጁ እሾህ እየወጋው «እህ!» ይላል፤ እሳቸው «ቀስ በል፣ ባለቤት ያለው አጥር ነው» ይሉታል። አርባ አንዱንም፣ አንድም ሳይዘሉ፣ አንድም ሳያዛንፉ ጨረሱ። ሞተ ያሏቸው ሁለት ብቻ ነበሩ፣ እነሱንም ደብቀው አላለፉም። «እኒህ ሁለቱ ሞተዋል፣ እኔም እሞታለሁ» አሉት። «ለሁለት ሰው ሞት አገር አይፈርስም።»

ልጁ የተወጋ ጣቱን ይመጥጥ ነበር። ከሁለቱ ሰዎች ጋር ሹክ ሹክ ተባባለ። ከዚያ ፋይሉን ከፈተና «እማማ፣ በየቀኑ ይዳስሱታል?» አላቸው።

«ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ። መንገዴ ላይ ነው።»

ጻፈ። ሲጨርስ ጮክ ብሎ አነበበ፤ «ሕያው አጥር፣ ጸድቋል።» ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔ? እኔ ወዲያው ለተሰበሰበው ሰው ስለ ኮርች ማስረዳት ጀመርኩ። ምን ላድርግ፣ ሰው ተሰብስቧል።

በሦስተኛው ዓመት በጋ ላይ አበበ። ቅጠል የለ፣ ምን የለ፣ ከዳር እስከ ዳር ቀይ። ወደ ደብረ ታቦር የሚሄድ አውቶቡስ ቀስ ብሎ ነው የሚያልፍ፣ ሰው በመስኮት አንገቱን ያወጣል። ትምህርት ቤቱም ጠራኝ፣ ከንፋስ መውጫም ሰው መጣብኝ። ለነሱ ግን ብርዱ ለኮርች አይሆንም ብዬ እውነቱን ነግሬ ሌላ ተከልኩላቸው፤ ጉረኛ ነኝ እንጂ ሌባ አይደለሁም። አሁን ለደቦ ሰው ስጠራ፣ ጠላ ከመቀዳቱ በፊት እሾሁን እያስዳሰስኩ አስተምራለሁ። ወሬዬ ይበላሻል፣ ይበላሽ።

አበባው የፈነዳ ሰሞን፣ ምስጋና ልቀበል ነጭ ጋቢ ለብሼ አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያን ገና መመለሳቸው ነው፣ መቋሚያቸውን ይዘው በራፉ ላይ ቆመዋል።

«እንዴት ነው አክስቴ፣ አማረ?»

«ምኑ ያምራል? ይሄ ሁሉ ወፍ ከየት መጣ? ገና ሳይነጋ ይንጫጫል፣ ደወሉን አላሰማ አለኝ። አበባው ደግሞ ይረግፋል፣ በየቀኑ ጥረጊ ነው። ደጄን አበላሸኸው።»

«ታዲያ ልንቀለው?»

«ንካውና አሳይሃለሁ!» አሉ፣ መጥረጊያቸውን እየፈለጉ።